ፍሪጅ ውስጥ የተሞከረው ጌም

ሰፈርተኛው ሁሉ «ሞካሪው» ይለዋል። በስሙ የሚጠሩት እናቱ ስትቆጣውና እህቱ ስትቸገር ብቻ ነው። ሥራው፣ ሥራ ከተባለ፣ በአንዲት ትንሽ ላፕቶፕ ላይ ትልልቅ ጌም መሞከር ነው። ኔትቡክ ከሚሏቸው ውስጥ ናት፤ ስክሪኗ ከደብተር አይበልጥም፣ ፋን የላትም፣ ስትሠራም ስትተኛም ድምፅ አታሰማም። የተሠራችው ደብዳቤ ለመጻፍና ኢሜይል ለማየት ነበር። እሱ ግን አዲስ ጌም በወጣ ቁጥር፣ ሠሪዎቹ «ይህን የማያሟላ ኮምፒውተር ባይሞክር ይሻላል» ብለው የጻፉትን አንብቦ ይስቅና ይጭንባታል። ስልኩን በመጻሕፍት ክምር ላይ አስደግፎ ስክሪኗን ይቀርጻል፣ ቪዲዮውንም ኢንተርኔት ላይ ይለቃል። የቻናሉ ስም «ትችላለች ወይ?» ነው።

ብዙ ጊዜ አትችልም። የሱም ጥበብ የሚጀምረው ያኔ ነው። መጀመሪያ ሪዞሉሽኑን፣ ማለትም የምስሉን ጥራት፣ ይቀንሳል። ቀጥሎ የጌሙን የሴቲንግ ፋይል ከፍቶ ጥላውን ያጠፋል፣ ከዚያ ሣሩን፣ ከዚያ ውሃውን፣ አልሆን ሲል የሰዎቹን ፀጉር ሳይቀር። በመጨረሻ የሚቀረው አንድ ራሰ በራ ጀግና ነው፤ አመድ በመሰለ ሜዳ ላይ ጥላ እንኳ ሳይኖረው ይሮጣል። ላፕቶፗ በሰከንድ ስንት ምስል እንደምታሳይ የሚናገር ቢጫ ቁጥር በስክሪኑ ጥግ አለ። እሱ ሃያ ከገባ ሞካሪው ያጨበጭባል። «ከተንቀሳቀሰ ተጫወተ ማለት ነው» ይላል። ተመልካቾቹ እንደሱው ያረጀ ኮምፒውተር የታቀፉ ሰዎች ናቸውና ይወዱታል፤ ከሁሉም በላይ ያምኑታል። ያልሠራውን ሠራ ብሎ አያውቅም። ቁጥሩ ሲወርድም ካሜራውን አያዞርም።

የላፕቶፗ ጠላት ሙቀት ነው። ፋን ስለሌላት ስትግል ራሷን ለማዳን ትዘገያለች፤ ጥሩ ጀምራ ትንሽ ቆይታ ታዘግማለች። ሰው ሁሉ የሚያወራለት አንድ የጦርነት ጌም በወጣ ሰሞን ሞካሪው ሣሩንም ፀጉሩንም ነቅሎ አልሆነለትም። አንዱ ተመልካች «ፍሪጅ ውስጥ ክተታት» ብሎ ጻፈ። ሰውዬው መቀለዱ ነበር። ሞካሪው ግን ስለ ላፕቶፕ ሲሆን ቀልድ የሚባል ነገር አይገባውም።

ፍሪጁ የሚቆመው በኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ነው። እናቱ ዕድሜዋን ልብስ ስትሰፋ ኖራ ዓይኗ ሲደክም የተወች፣ ስኳር ያለባት ሴት ናት። ኢንሱሊኗ በፍሪጁ በር ኪስ ውስጥ በካርቶን ይቀመጣል፤ ከክሊኒክ ለወራት የሚበቃ በአንዴ ስለሚሰጣት ብልቃጦቹ ብዙ ናቸው። እሷ ጎረቤት፣ እህቱ ሥራ ላይ ሳሉ ሞካሪው አንዱን መደርደሪያ አወጣና ኔትቡኳን አስገባ። የቻርጀሩንና የማውሱን ገመድ በበሩ ላስቲክ በኩል አሾለከ፣ ስክሪኑን ከውጭ እንዲያየው በሌላ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው፣ ስልኩንም መብራቱን አብርቶ ከላፕቶፗ ፊት ውስጥ አቆመው። ካርቶኑ በሩን አላዘጋ ስላለው ብልቃጦቹን አውጥቶ ወደ ውስጥ፣ በረዶ ቤቱ ሥር ገፋቸው። የቅዝቃዜውን ማዞሪያም እስከ መጨረሻው አዞረው።

ከሰዓቱን ሙሉ ተጫወተ። ቢጫው ቁጥር ከፍ አለ፣ ሳይወርድም ቆየ፤ ጀግናው ፀጉሩን መልሶ አገኘ። ሞካሪው ደስታው ጣሪያ ነካ። ሁሉን ወደ ቦታው ሲመልስ የእናቱ ብልቃጦች በረዶ ለብሰው እንደ ጠጠር ደርቀው አገኛቸው። «ይቀልጣሉ» አለና ካርቶናቸው ውስጥ ከቶ በሩ ላይ መለሳቸው። እውነት ለመናገር ይህችንም ታህል አላሰበበትም፤ ልቡ ቪዲዮው ላይ ነበር። ቪዲዮውም ከሠራቸው ሁሉ ይልቅ ታየለት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የእናትየው ስኳር ይጨምር ጀመር። ውሃ ጠጥታ አልረካ አለች፣ እግሯ ዛለ፣ ቁጭ ባለችበት ማንቀላፋት አመጣች። መለኪያው ጠዋት ጠዋት የሚያሳየው ቁጥር እህትየውን አሳበዳት። እህቱ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ስድሳ ልጅ ጸጥ የምታሰኝ ሴት እናቷን ጸጥ ማሰኘት አያቅታትም። ድሮ አንድ ጊዜ እናትየው ማር ስትልስ ተይዛ ስለነበር ፍርዱ ቶሎ ተሰጠ።

«እማዬ፣ ምን በላሽ?»

«ምንም አልበላሁም።»

«መለኪያው ይዋሻል?»

«እኔ እንጃ ለመለኪያው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አልቀመስኩም።»

መምህርቷ ስኳሩን፣ ማሩንና ብስኩቱን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብታ ቁልፍ አበጀችለት፤ መክፈቻውን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትሄዳለች። የመንገዱ ጫፍ ላይ ላለው ባለሱቅ ለዚህ ቤት ጣፋጭ የሚባል እንዳይሸጥ አስማለችው። የእናቷን የትራስ ልብስ ገለበጠች፣ የካፖርቷን ኪስ ፈተሸች። ሞካሪውም ዳር አልቆመም፤ የድሮውን የስፌት መኪና መሳቢያ የፈተሸው እሱ ነው። ክርና የተሰበረ መርፌ ብቻ አገኘና «እማ፣ ጎበዝ ደባቂ ነሽ» ብሎ ሳቀባት። እናቱ ክሩን ከእጁ ተቀብላ ወደ መሳቢያው መለሰችው።

ክሊኒክ የወሰዳትም እሱ ነበር። የነርሷ ክፍል በር ክፍት ነው፤ ተራ የሚጠብቁት አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው የሚባለውን ሁሉ ይሰማሉ። ነርሷ ውጤቱን አየችና ብዕሯን አስቀመጠች።

«እማማ፣ ባለፈው መጠኑን ጨመርኩልዎ። አሁንም ያው ነው። ይሄ የመድኃኒት ሳይሆን የአፍ ችግር ነው።»

«አልበላሁም፣ ልጄ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ።» ወደ ሞካሪው ዞረች። «አንተስ? እቤት የሚሆነውን ታያለህ አይደል?»

ሞካሪው ሰው የሚያስቅ ነገር ሲያገኝ ማለፍ አይችልም። «ሲስተር፣ ከማር ጋር የቆየ ፍቅር አላት» አለ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቁ፣ እሱም አብሮ ሳቀ። እናቱ ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ወለሉን ታይ ጀመር። ነርሷ መጠኑን እንደገና ጨመረችውና ሸኘቻቸው። 

ነገሩ የተገለጠው በኮሜንት ነው። ሞካሪው የፍሪጁ ቪዲዮ ሥር የተጻፈለትን እያነበበ ሲዝናና አንዲት የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ ያለች ሴት የጻፈችው ላይ ደረሰ። «መሃል ላይ ከላፕቶፗ ጀርባ በረዶ የለበሱ ብልቃጦች ይታያሉ፤ ኢንሱሊን ይመስሉኛል። የማን እንደሆኑ አላውቅም። አንዴ በረዶ ከሆነ ግን ቢቀልጥም አይሠራም። መልኩ አይለወጥም፣ ሰው ደህና ነው ብሎ ይወጋዋል። እባክህ ይጣል።» ከሥሯ አንዱ «ላፕቶፗ ስኳር አለባት እንዴ?» ብሎ ቀልዷል። ብዙ ሰው ስቆለታል።

ሞካሪው ቪዲዮውን ከፈተው። ስንት ጊዜ አይቶታል፣ ሁሌም ግን ዓይኑ ቢጫው ቁጥር ላይ ነበር። አሁን ከጀርባ ያለውን አየ። የእናቱ ብልቃጦች ቀስ እያሉ ሲነጡ ተመለከተ፣ የራሱም ድምፅ ከውጭ «ቀዝቀዝ በይልኝ የኔ ቆንጆ!» ሲል ሰማ። ጆሮው ጋለ።  የስፌት መኪናው መሳቢያ ትዝ አለው፣ አግዳሚው ላይ የሳቁት ሰዎች ትዝ አሉት። ደደብ ያሉትን ሰዎች ኮሜንት እንኳ አጥፍቶ የማያውቅ ሰው፣ የሴትየዋን ኮሜንት አጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ቪዲዮውን ራሱን አጠፋው።

ሄዶ መናገር ነበረበት። እናቱ ከግድግዳው ወዲያ፣ አልጋዋ ላይ ናት፤ ስታስል ይሰማታል። ተነሥቶ እስከ በሯ ሄደና ተመለሰ። አዲስ ኢንሱሊን ገዝቶ ቢተካው ስኳሯ ይወርዳል፣ እህቱ ዝም ትላለች፣ ማንም ሳያፍር ነገሩ ያልቃል ብሎ አሰበ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የኛ ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ገዝቶ በሽታውን ሊደብቅ ነው። ፋርማሲ ሄደ። ፋርማሲስቱ «አጠቃቀሙን ታውቃላችሁ? መጠኑ አልተቀየረም?» ብሎ ሲጠይቀው «እናቴ ታውቀዋለች» አለና ፌስታሉን ይዞ ወጣ። የሞቱትን ብልቃጦች አንሥቶ አዲሶቹን በዚያው ካርቶን ደረደረ።

ጌም ላይ ቢሆን ይህን ስህተት አይሠራም ነበር። ለተመልካቾቹ ዘወትር የሚነግራቸው «አንዱን ነገር ስትቀይሩ ሌላውን ወደነበረበት መልሱ፣ አለዚያ ታቃጥሏታላችሁ» እያለ ነው። የእናቱ መጠን ሁለት ጊዜ የተጨመረው ለሞተ መድኃኒት እንደሆነ ግን ወደ ሐሳቡ አልመጣም። የፈራው መታየቱን ነበርና ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰበም።

ያን ቀን እራት ላይ ሦስቱም ተቀምጠዋል። መምህርቷ የተማሪዎቿን የፈተና ወረቀት አጠገቧ ከምራለች። እናትየው ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በልቻለሁ።»

መምህርቷ ቀና አለች። «ምን?»

«ብስኩት።»

«ከየት አምጥተሽ?»

«ከሱቅ ነዋ።»

«ከየትኛው ሱቅ?»

እናትየው መዋሸት አትችልበትም። «ከዚያ... ከታችኛው» አለች። በታች በኩል ሱቅ የለም። መምህርቷ ግን የምትፈልገውን ስላገኘች ስለ አድራሻው አልተጨነቀችም። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ የእናቷን እጅ ያዘች። «እንግዲህ ዋናው ማመንሽ ነው፣ እማዬ። እኔ እኮ ክፉ ሆኜ አይደለም። እንዳትሞችብኝ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ደከመኝ፣ ለዚህ ነው። ከእንግዲህ በቤታችን ሰላም ይሁን።»

ሞካሪው የጎረሰውን ያኝካል።  አሁን ልናገር ይላል፣ እህቱን ያያል፣ ነገ ይላል። ዝም አይነቅዝም ያሉት ሰዎች ይህንን ዝምታ አላዩትም። በዚህ መሃል እናቱ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተም ይቅር በለኝ። ክሊኒክ ሰው ፊት አሳፈርኩህ።»

«ምንም አይደል፣ እማ» አለ።

በነጋታው መምህርቷ መክፈቻዋን ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። እናትየው እንደታዘዘችው ሙሉውን መጠን ተወጋች። ትናንት ያመነችው ኃጢአት፣ ያልሠራችውም ቢሆን፣ ንስሐ የሚያስፈልገው መስሏት ነው መሰል፣ ከቁርሷ ግማሹን ትታ ተነሣች። ሞካሪው ክፍሉ ውስጥ ሌላ ጌም እየጫነ ነበር። ብርጭቆ ወድቆ ሲሰበር ሰማ።

አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ቀሚሷ በላብ ርሷል፣ እጆቿ ይንቀጠቀጣሉ። አየችው፣ ግን ያየችው ሌላ ሰው ነው።

«ጨርቁን አቀብለኝ» አለች። «ሙሽራዋ ለነገ ናት። እጅጌው አልተያያዘም።»

«እማ፣ እኔ ነኝ።»

«መቀሱስ? እዚህ ነበር እኮ።»

ስኳር ያለበት ሰው ያለበት ቤት ይህን ያውቃል፤ ሲወርድ ጣፋጭ ስጡ፣ ቶሎ ስጡ። ሞካሪው ቁም ሳጥኑ ጋ ሮጠ። ቁልፉን ጎተተው፣ በቢላ ፈለቀቀው፣ ቢላው ጎበጠ። ትራሷን ገለበጠ፣ የካፖርቷን ኪስ አገላበጠ፣ የስፌት መኪናውን መሳቢያ መዝዞ ወለል ላይ ደፋው። ከረሜላ ደብቀሽ ነው ብለው በፈተሿት ቤት ውስጥ አንዲት ከረሜላ ጠፋች። በባዶ እግሩ ወደ ሱቁ ሮጠ።

ሱቁ ፊት ሰዎች ቆመዋል። በመሃላቸው ገብቶ «ለስላሳ ስጠኝ፣ ቶሎ፣ ከረሜላም» አለ።

ባለሱቁ ሚዛኑን አልለቀቀም። «ለእናንተ ቤት አልሸጥም። እህትህ አስምላኛለች።»

«ለኔ ነው።»

«ላንተም። እናቴ በልጇ ትልካለች ብላኛለች።»

«ስኳሯ ወርዶ ነው! ልትሞትብኝ ነው!»

«ትናንት ጨምሯል ስትሉ፣ ዛሬ ወረደ?» ባለሱቁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከማለ ቃሉን የሚጠብቅ ነው። «መጀመሪያ እህትህን ልደውልላት።»

ሞካሪው ባንኮኒውን በሁለት እጁ ያዘ። ሰዎቹ ሁሉ ያዩታል። ያን ጊዜ ወጣው። «አልበላችም!» አለ። «ምንም አልበላችም። መድኃኒቷን እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ፍሪጅ ውስጥ፣ ላፕቶፔን ላቀዘቅዝ ብዬ። ከዚያ ተደብቄ በአዲስ ለወጥኩት። መጠኑ በዛባት። አልበላችም፣ እኔ ነኝ!»

አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ባለሱቁ ለስላሳውን አንሥቶ፣ ክዳኑን በጥርሱ እየነቀለ፣ ሱቁን ክፍት ጥሎ ሮጠ። ሞካሪው ከኋላው፣ ሌሎቹም ከኋላው ተከተሉ። ባለሱቁ የእናትየውን ራስ በክንዱ ደግፎ ትንሽ በትንሽ አጠጣት። ጠርሙሱ ከጥርሷ ጋር ይጋጫል፣ ግማሹ አንገቷ ላይ ይፈስሳል። ጠርሙሱ ወደ ማለቁ ሲደርስ የእጇ መንቀጥቀጥ ቀነሰ። ዙሪያዋን አየች፤ በሩ ላይ የተደረደሩትን ጎረቤቶችም አየች።

መምህርቷ ተደውሎላት ስትደርስ የጠመኔ ብናኙን ከእጇ አላራገፈችም። ጎረቤቱን ገፍታ ገባች። መጀመሪያ ያየችው እናቷ እጅ ላይ ያለውን ጠርሙስ ነው።

«እማዬ! ትናንት ምን ተባባልን?»

«ተያት» አለ ባለሱቁ። «እናትሽ አልበላችም። ያኔም አልበላችም።» ሱቁ ፊት የሰማውን አንድ ሳያስቀር ነገራት። መምህርቷ ወንድሟን ዞራ አየችው። ወንድሟ አንገቱን ደፍቶ «እውነት ነው» አለ። መምህርቷ ከመሳቢያው በተደፋው ክር መሃል ወለሉ ላይ ተቀመጠችና የእናቷን እግር አቅፋ አለቀሰች። «ኪስሽን ፈተሽኩ» ትላለች፣ «እናቴን ኪሷን ፈተሽኩ።» እናትየው በእርጥብ እጇ የልጇን ፀጉር እየዳበሰች ሞካሪውን ትመለከት ነበር።

«ክሊኒክ የሳቅክብኝ ዕለት ታውቅ ነበር?» አለችው።

«አላውቅም ነበር፣ እማ። ሙች ስልሽ አላውቅም ነበር።» ይህንን በፍጥነት መለሰ፤ እውነት ስለነበር ለማለት ቸኮለ። እናቱ ራሷን ነቀነቀች። አመነችው።

«ትናንትስ?» አለች። «ይቅር በለኝ ስልህ?»

ባለሱቁ ዓይኑን ወደ ጠርሙሱ አዞረ። መምህርቷ ልቅሶዋን አቋርጣ ቀና አለች።  ሞካሪው ጎን ለጎን የሚደረድረው ብዙ ቃል ነበረው፤ ፈርቼ ነው፣ ዛሬ ልነግርሽ ነበር፣ አዲስ ገዝቼልሻለሁ። አንዱም ለጥያቄዋ መልስ እንዳልሆነ ገባው።

«አውቅ ነበር» አለ።

 እናቱ ጠርሙሱን ለሴት ልጇ አቀበለቻት።

«በሩን ዝጊው» አለቻት። «ልጄን ሰው እያየብኝ ነው።»

በሩ ሲዘጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።